ራስን መግዛትና ሕዝብን መምራት

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



የኅብረታችን ጸሐፊ ራስን ስለ ማሻሻልና ስለ ጥሩ የፖለቲካ መሪ ጠባይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ኀፍረት ነበር። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ልበል። ስለ መሪ ጠባይ መናገር በጣም ቀላል ሥራ ነው። ማንኛችንም ሻይ ቤት ተቀምጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ የሚያህሉ የመልካም መሪ ምልክቶችን ልንቈጥር እንችላለን፤ እውነተኛ፣ ቆራጥ፣ አስተዋይ፣ አርቆ አሳቢ እያልን። ዝርዝሩን ከጨረስን በኋላ ግን የሻዩን ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው እንጣላለን።

ራስን ስለ ማሻሻልም የሚነገረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየመንገዱ ዳር ላስቲክ ላይ ተነጥፈው ከሚሸጡት መጻሕፍት ውስጥ ግማሾቹ ስለዚሁ የተጻፉ ናቸው። በማለዳ ተነሣ፣ ዓላማህን በወረቀት ጻፍ፣ በራስህ ተማመን ይላሉ። እኔም አንዳንዶቹን ገዝቼ አንብቤአለሁ፤ በማለዳ መነሣቱንም ለሦስት ሳምንት ያህል ሞክሬዋለሁ። ክፉ ምክር ነው አልልም። ነገር ግን እነዚህ መጻሕፍት የሚያውቁት ሰው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ነው። ጎረቤት የለውም፤ የተቈጣ ሕዝብ ፊቱ አልቆመም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በኪሱ የለም። የሰው ጠባይ የሚፈተነው ደግሞ በነዚህ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ ካየሁት ነገር ልጀምር።

የተወለድሁት አርባ ምንጭ ነው። ከተማችን ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ በሁለት ክፍሎች የቆመች ስትሆን፥ ከበታችዋ ዐባያና ጫሞ የሚባሉት ሐይቆች፥ ከበላይዋ የጋሞ ደጋ ይገኛሉ። ከደጋው የወረዱ ብዙ ወገኖቻችን በሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ አካባቢዋ ሄደው ይኖራሉ፤ ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቡራዩ በተነሣው ሁከት በአሥሮች የሚቈጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ከተጎዱት ውስጥ ብዙዎቹ ጋሞዎችና ሌሎች የደቡብ ሰዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የሆነውን ለመናገር አልችልም። በየቤቱ ስልክ ይደወላል፤ የማይነሣ ስልክም ነበረ።

ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወጣቱ ሁሉ መንገድ ላይ ሲወጣ እኔም ወጣሁ። በእጄ ድንጋይ ነበረ። ማንን ልመታበት እንደ ነበረ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላውቅም ነበር። እኛ የምንፈልገው ገዳዮቹን ነው እያልን ብንጮኽም ገዳዮቹ አርባ ምንጭ አልነበሩም። እዚያ የነበሩት ከእኛ ጋር ለዓመታት የኖሩ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ ልጆቻቸውን ከእኛ ጋር ትምህርት ቤት የሚልኩ ሰዎች ነበሩ። ቁጣ ግን ይህን አይለይም፤ በቅርብ ያገኘውን ይወስዳል።

በዚህ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። በአገራችን እርጥብ ሣር ይዞ የሚመጣ ሰው ስለ ሰላም ይለምናል፤ እርሱን አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ሕግ የማፍረስ በደል ሲሆን መዘዙ በበዳዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱና በአገሩም ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። አባቶች ሣሩን ከፍ አድርገው ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። እናስቡት፤ እኛ ለእነርሱ ልንንበረከክ የሚገባን ልጆች ነን። እነርሱ አስፋልት ላይ በጉልበታቸው ወድቀው የልጅ ልጆቻቸውን ለመኑ። ዘመድ የሞተበት ከመካከላቸው አልነበረም ማለት አይቻልም። ከአጠገቤ የነበረ አንድ ጎረምሳ አለቀሰ። ሰልፉ ተመለሰ። ድንጋዩን የት እንደ ጣልሁት አላስታውስም፤ ቤት ስደርስ ግን እጄ ባዶ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል፤ ያን ሰሞን አገር ሁሉ ተደነቀበት። ነገር ግን አድናቆቱ አንድ ነገር እንደ ዘለለ ይሰማኛል። ሰዎች እንደ ተአምር አወሩት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ራሴን ስጠይቅ የኖርሁት ይህ ነው፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማድረግ የሚችለው እንዴት ሆኖ ሲያድግ ነው? በአንድ ጧት ተነሥቶ የሚያደርገው አይደለምና።

መልሱን በከፊል ያገኘሁት በዕረፍት ጊዜ ከጨንቻ በላይ ካለው ከአያቴ ዘንድ ነው። በጋሞ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ደሬ የሚባሉ ወደ 40 የሚጠጉ አገሮች አሉ። በየደሬው ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለ። ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፤ በምርቃት ይዘጋል። ጉዳዩ የወሰን ጠብ ይሁን ወይም የደም ነገር፥ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ነገሩ የሚያልቀውም በእጅ ብልጫ ሳይሆን ሐሳብ አንድ ሲሆን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ጉዳይ ሳምንታት ይፈጃል። አያቴ እንደ ነገረኝ፥ በልጅነቱ ከዳር ተቀምጦ ሲሰማ ብዙ ዓመት ኖረ። መናገር ያልተፈቀደለት ለመናቅ እንዳይመስልህ፤ የሚናገረውን ሰው ሳያቋርጥ መስማት መቻሉ ይታይ ስለ ነበረ ነው አለኝ። «አንተ እዚያ ትምህርት ቤት መናገር ያስተምሩሃል፤ እኛን ዝም ማለት ነው ያስተማሩን» ሲለኝ ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳስበው አልሳቅሁም። እኔ በ12 ዓመት ትምህርቴ ውስጥ ስለ ንግግር ችሎታ ማርክ አግኝቻለሁ፤ ስለ ማዳመጥ ማርክ የሰጠኝ መምህር ግን አላስታውስም። (የተከበራችሁ መምህራን ይቅርታ አድርጉልኝ።)

ከዚህ በላይ ያስገረመኝ ሃላቃ የሚባለው ሹመት ነው። በጋሞ ካዎ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሹመት ያለው ሰው አለ፤ ሃላቃ ግን ከሕዝቡ መካከል ተመርጦ ለተወሰነ ጊዜ የሚሾም ነው። ሃላቃ የሚሆን ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን እህል፣ ቅቤና ከብት አውጥቶ ሕዝቡን ማብላት አለበት። ራሱን ቅቤ ተቀብቶ በአደባባይ ይታያል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰው ሁሉ አካሄዱን ያይበታል። የሸንጎውን ውሳኔ ያስፈጽማል እንጂ በሸንጎው ላይ አያዝዝም። ጊዜው ሲያልቅም ይለቃል።

በአማርኛችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል የታወቀ ተረት አለ። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሳቅን እንናገረዋለን፤ ነገር ግን በአገር ላይ ያደረሰው ጉዳት ከአንድ ጦርነት አያንስም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሃላቃ ሥርዓት የዚህ ተረት ተቃራኒ ነው። እዚያ ሹመት የሚያስበላ ሳይሆን የሚያስከፍል ነው። ሥልጣን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያለውን ያወጣል፤ ከወጣም በኋላ ያወጣውን ከሕዝቡ እሰበስባለሁ ቢል ሸንጎው አለ።

ነገር ግን የአገሬን ነገር ብቻ እያሞገስሁ እንዳላታልላችሁ። ይህ ሥርዓት ድኻውን ከሹመት ያርቃል፤ ድግስ መደገስ የማይችል ሰው ጠባዩ የቱንም ያህል ቢያምር ሃላቃ አይሆንም። ከዚህ የባሰም አለ። ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚያለፉት ወገኖቻችን፥ ማና እና ደጋላ የሚባሉት፥ ለብዙ ዘመን ከዱቡሻው ዳር እንዲቀመጡ እንጂ እንደ ሌላው ሰው ተነሥተው እንዲናገሩ አልተፈቀደላቸውም፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትም ነውር ሆኖ ቆይቷል። ሴቶችም በሸንጎው ድምፅ አልነበራቸውም። አያቴን ስለዚህ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «ይህን እናንተ አስተካክሉት» ብቻ አለኝ። እንስራውን የምንጠጣበት፣ የሠሪዋን ቃል ግን የማንሰማበት ሸንጎ ሙሉ ሸንጎ አይደለም። ስለዚህ ከአባቶች መማር ማለት ሁሉን ተሸክሞ መሄድ አይደለም፤ ይህን ለማለት ግን በመጀመሪያ ሥርዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከእኛ መካከል ሳያውቀው የሚንቀው ይበዛል።

ወደ ትልቁ ታሪካችን ስንመጣ፥ ራስን የመግዛትን ነገር ከዐፄ ቴዎድሮስ የበለጠ የሚያስተምር ሕይወት አላውቅም። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በአለባበሳቸው ተራ፣ በኑሯቸው ቁጥብ፣ በአንድ ሚስት የረጉ፣ የባሪያን ንግድ የተቃወሙ፣ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ሌት ተቀን የሚደክሙ ሰው ነበሩ። የራስ ማሻሻያ መጽሐፍ የሚፈልገው ጠባይ ሁሉ ነበራቸው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አልተገዛላቸውም፤ ቁጣቸው። በ1850 ዓ.ም. ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላም ያምኗቸው የነበሩት ሁለቱ እንግሊዞች ፕላውደንና ጆን ቤል ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ አይሆንም የሚላቸው ሰው በዙሪያቸው እየጠፋ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስጣሉ። እኛ የምናስታውሰው ሽጉጣቸውን ነው፤ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው መሞታቸውን። ይህም እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ገደሉም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያቃተው ሰው ታሪክን አላነበበም፤ ፎክሮአል እንጂ።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ተመልከቱ። በአርባ ምንጭ መንገድ የተንበረከኩት ሰዎች ቁጣ ያልነበራቸው አይደሉም። ለቁጣቸው የሚይዙት ሥርዓት ነበራቸው፤ ሣሩ ነበረ፣ ጎሜ ነበረ፣ አጠገባቸው የሚንበረከክ ጓደኛ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ምናልባት ራስን መግዛት የምንለው ነገር የአንድ ሰው ብቻ ጉልበት አይደለም። የቻይናዎቹ የኮንፊዩሽየስ ተከታዮች አገርን ማስተካከል የሚሻ ቤቱን ያስተካክል፣ ቤቱን ማስተካከል የሚሻ ራሱን ያርም ይሉ እንደ ነበር አንብቤአለሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ራሱን የሚያርመውን ሰው ማን ያርመዋል? ሸንጎ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

የእኛው ተማሪዎች ታሪክም ከዚህ አያመልጥም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ፥ ብዙዎቹ ከእኛ የሚያንስ ወይም የሚተካከል ዕድሜ ነበራቸው። ድፍረታቸውን ማን ይክዳል! በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የኅብረታቸው ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል አልተበተኑም። መጽሐፍ በማንበብም ከእኛ ይበልጡ ነበር፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሆኖም ከአብዮቱ በኋላ ከአንድ ግቢ የወጡ፣ አንድ መጽሐፍ የተዋዋሱ ሰዎች በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍለው አንዱ የሌላውን ቃል መስማት አቃታቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን የየቤታችሁ ሽማግሌ ይነግራችኋል። የግድያውን ዋና ተጠያቂ መንግሥት እንደ ሆነ አልስትም። ነገር ግን ሌላውን ሳያቋርጥ መስማት የሚችል ትውልድ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል በቀላሉ ለመታረድ ይመቻች ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ ለእነርሱ ሳይሆን ለእኛ ነው።

ከውጭ አገር አንድ ሰው ልጥቀስ። ማንዴላ በ27 ዓመት እስራታቸው ውስጥ የአሳሪዎቻቸውን ቋንቋ አፍሪካንስን ተምረዋል፤ ጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ በዚህ ቢገረሙም። በወጣትነታቸው ቁጡ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ፕሬዚዳንት ሆነው አንድ ዘመን ብቻ አገልግለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ለቀቁ። የጠላትን ቋንቋ መማር እንደ ራስ ማሻሻያ ከማለዳ መነሣት የሚከብድ ይመስለኛል። በግቢያችን ስንቶቻችን ነን የአልጋ ጎረቤታችንን ቋንቋ ሰላምታ እንኳ የምናውቅ?

አሁን ወደ ኀፍረቴ ልመለስ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የክፍላችን ልጅ ታመመና ለሕክምናው ገንዘብ ተዋጣ። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥሁ። ለምን እንደ ተመረጥሁ አውቃለሁ፤ መናገር ስለምችል ነው። ስለ ወገን መረዳዳት ያን ዕለት ያደረግሁት ንግግር ተጨብጭቦለታል። ገንዘቡን ከየመኝታ ክፍሉ እየዞርሁ ሰበሰብሁ፤ አንዳንዱን በወረቀት ጻፍሁ፣ አንዳንዱን በልቤ ያዝሁ። አንድ ቀን ለመጓጓዣ፣ ሌላ ቀን ለስልክ ካርድ ከዚያው አወጣሁ፤ ነገ እተካዋለሁ እያልሁ። ለበሽተኛው የሰጠሁትን ሰጠሁ፤ ሁሉም አመሰገነኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፥ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ልጅ፥ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፥ «ስንት እንደ ተሰበሰበና ስንት እንደ ተሰጠ በወረቀት ብናየው» አለ። እኔ ተነሥቼ ጮኽሁበት። ስለ መተማመን ተናገርሁ፤ በሽተኛ ላይ ሒሳብ የሚቈጥር ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው አልሁት። ጓደኞቼ ሳቁበት። ልጁ ተቀመጠ። እኔ፥ የተንበረከኩትን አባቶች በዓይኔ ያየሁት ሰው፥ ያን ምሽት እንደ አሸናፊ ሆኜ ተኛሁ።

ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ደመርሁ። 340 ብር ጎደለ። ልሰርቀው አስቤ አልነበረም፤ ግን የሚሰርቅ ሰው ሁሉ ልሰርቅ ብሎ ይጀምራል ያለው ማን ነው? በማግሥቱ ከዘመድ ተበድሬ 340 ብሩን ይዤ ወደ ልጁ ክፍል ሄድሁ። ይቅርታ ጠይቄ ገንዘቡን ሰጠሁት። እርሱም አልተቀበለኝም። «እኔ የጠየቅሁህ ገንዘቡን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው» አለኝ። እንዳልገባኝ አይቶ ጨምሮ፥ «ገንዘቡን ለእኔ ብትሰጠኝ ነገሩ በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል። ያዋጡት ግን ብዙ ናቸው» አለ።

ይህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አንብቦ እንደ ሆነ አላውቅም። ገብረ ሕይወት ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ውስጥ መንግሥታችን ሊያሻሽላቸው ይገባል ካሏቸው ነገሮች አንዱ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ ነበር። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ በክፍል ውስጥ ይህን ተምሬ በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማርክም አግኝቼበታለሁ። የስልክ ካርዱን ስገዛ ግን ትዝ አላለኝም። የእኔ ኪስና የበሽተኛው ኪስ አንድ ኪስ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ ሒሳቡን በወረቀት አነበብሁ፤ ጉድለቱንም፣ ጩኸቴንም። እንደ አባቶች በጉልበቴ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ ጉልበቴ አልታዘዘኝም። ቆሜ ነው የተናገርሁት፤ ድምፄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በፊት መንበርከክ የድካም ምልክት የሚመስላቸውን ሰዎች እሰማ ነበር፤ ያን ዕለት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አወቅሁ። የተጨበጨበልኝም የለም። አንድ ሁለት ወዳጆቼ ራስህን አዋረድህ ብለው ተቈጡ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አያነጋግረኝም። ልጁ ግን ከስብሰባው በኋላ ሻይ ጋበዘኝ፤ ሒሳቡንም እርሱ ከፈለ።

የኅብረቱ ምርጫ በሚመጣው ወር እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ለገንዘብ ያዥነት እንድወዳደር የጠየቁኝ አሉ፤ ለዚህ ገና ነኝ ብዬ መልሻለሁ። በጸሐፊነት ግን የስብሰባውን ቃል ለመያዝ ተስማምቻለሁ፤ የሚጽፍ ሰው ዝም ብሎ ይሰማልና ለእኔ ይጠቅመኛል። ለሚወዳደሩት ሁሉ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ቢኖር፥ ከንግግራቸው በፊት ባለፈው ዓመት የያዙትን ማናቸውንም ደብተር፥ የክፍል መዋጮም ቢሆን የእግር ኳስ ቡድን ሒሳብ፥ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጥፉልን ነው። የዚያ የሕክምና መዋጮ ደብተር በእኔ ዘንድ አለ። ከእራት በኋላ ክፍሌ ክፍት ነው፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።